ትንሿ ለመወለድ የተሰለፈችበት ሳምንት

ትንሿ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ወረቀቷ ግን ስልሳ ሦስት ይላል። ሰው ስለ ልዩነቱ ሲጠይቃት «እኔ ስወለድ ሁለት ዓመቴ ነበር» ትላለች፤ ጠያቂውም ስቆ ያልፈዋል። ቀልድ መስሎት ነው።

የእሷና የእኔ ሱቅ ግድግዳ ይጋራሉ። የእኔ በር ላይ «ማመልከቻ ይጻፋል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሣል» የሚል ተለጥፏል፤ የእሷ ላይ «ትንሿ ልብስ ስፌት፦ የተማሪዎች ዩኒፎርም» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት በጉርብትና ስንኖር ወረቀት ላይ የተጻፈውን ስሟን አላውቅም ነበር። ማንስ ያውቃል? እናቷ ትንሿ አሏት፣ ሰፈሩ ትንሿ አላት፣ ባሏም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትንሿ እንዳለ ሞተ። ወንበሯ ሁለቴ ተሰብሮ በብረት ከተሠራላት በኋላ እንኳ ስሙ አልተቀየረም። ይህ አለማወቄ ኋላ ጉድ አፍልቷል፤ እመጣበታለሁ።

ኑሮዋ ይህ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሱቁን ቆርቆሮ መዝጊያ ወደ ላይ ትወረውራለች፣ የስፌት መኪናዋን ዘይት ትቀባለች፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ እስክትዘጋ ድረስ ትሰፋለች፣ ትናገራለች። ከምላሷና ከመቀሷ የትኛው እንደሚሰላ ሰፈሩ እስካሁን አልወሰነም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይሰለፋሉ። ልጁን ለክታ ስታበቃ ሦስት ጣት ትጨምራለች፤ «ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ ግን ባለበት ነው» ትላለች። የሱሪውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች፣ በየዓመቱ እየተረተረ ይለቀቃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። እናቷን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የጎረቤት ሹክሹክታ አያመልጠውም። የመጀመሪያ ልጃቸውን በሃያ አንድ ዓመታቸው ወለዱ። ሴት ነበረች። አባትየው ሥርዓት አዋቂ ስለነበሩ በሳምንቱ ሄደው አስመዘገቧት፤ ስምም ማኅተምም ያለበት የልደት ወረቀት ይዘው መጡ። ልጅቷ በአሥራ አንድ ወሯ በትኩሳት ሞተች። ዓመት ከሦስት ወር ቆይቶ ትንሿ ተወለደች።

ያኔ በሰፈራችን የልደት ወረቀት ማለት እንደ ሹራብ ነበር፤ ለታላቅ ይወጣል፣ ታናሽ ይወርሰዋል። ታላቁ ሞቶ ከሆነማ ጭራሽ ጥያቄም የለው። መዝገብ ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ወረፋው ሌላ ግማሽ ቀን ይበላል፣ መዝጋቢው የማይገኝበት ቀን ደግሞ ከሚገኝበት ይበልጣል። መሳቢያ ውስጥ ንጹሕ ወረቀት ቁጭ ብሎ ሌላ ፍለጋ መሄድ እንደ ጥጋብ ይቆጠር ነበር። እናም የሟቿ ወረቀት ለትንሿ ተላለፈ። መንግሥት አንዲት ሴት ልጅ መዝግቧል፣ ቤት ውስጥም አንዲት ሴት ልጅ አለች። ገጠመ ማለት ነው! የተቀበረችውን የጠየቀ የለም፣ ያለችውንም የጠየቀ የለም።

በዚህ ወረቀት ትንሿ ሰባት ዓመት ሞልቷታል ተብላ አምስት ሳይሞላት ትምህርት ቤት ገባች። እግሯ ከወንበሩ አልፎ መሬት ስለማይነካ መምህሯ በረሃብ የቀጨጨች መስሏቸው ያዝኑላት ነበር። በዚሁ ወረቀት ተዳረች፣ ንግድ ፈቃድ አወጣች፣ ቤት በስሟ አደረገች። ሴት ልጅ ስትወልድም አስመዘገበቻት፤ «የእናት ስም» በሚለው መስመር ላይ የዚያች በአሥራ አንድ ወሯ የሞተች ሕፃን ስም ተጻፈ።

ይህቺው ሴት ናት እንግዲህ የሰፈሩ የልደት ወረቀት ሰባኪ። ልጅ ልታስለካ የመጣችን እናት መጀመሪያ የምትጠይቃት ስለ ጨርቁ አይደለም። «ወረቀት አውጥተሽለታል? አላወጣሽለትም? ልጅ ወልደሽ ነው ወይስ ሠርቀሽ?» ትላለች። ወረቀት የሌለው ልጅ ትምህርት ቤት እንደማይገባ፣ ነገ የማንም አገር ሰው እንደማይሆን፣ ታሞ እንኳ ካርድ እንደማያወጣ ትዘረዝርላታለች። ሁለት ሦስት እናቶች እያለቀሱ ከእሷ ሱቅ ወደ እኔ ሱቅ ሲገቡ አይቻለሁ፤ ገበያዬ ነው፣ አልተከፋሁም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እሷ ይህን ሁሉ ስትሰብክ የልጅ ልጇ ሚጡ ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች። ሚጡ ሰባት ዓመቷ ነው። አልተመዘገበችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትንሿ ልጅ ሆቴል ቤት አንሶላ አጣቢ ናት። የሚጡ አባት ከድንበር ማዶ የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። «በእኔ ስም፣ በእኔ አገር ነው የማስመዘግባት፤ በሚቀጥለው ጉዞዬ» አለ። ቀጣዩ ጉዞ ሌላ ቀጣይ ወለደ፣ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሆናት መኪናውም ሰውየውም መምጣት አቆሙ። እናትየው በራሷ ስም ብቻ ማስመዝገብ ትችል ነበር። አላደረገችውም፤ ማስመዝገብ ማለት ተትቻለሁ ብሎ መፈረም መሰላት። ትንሿ ስለዚህ ስትጠየቅ «ትሄዳለች፣ ታስመዘግባታለች» ብላ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። ምላሷ የሚያጥረው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ያለ ልደት ወረቀት አልቀበልም አለ፤ የምዝገባው መዝጊያም ዓርብ ሆነ። ሰኞ ጠዋት እናትየው ሚጡን አጣጥባ፣ የራሷን የልደት ወረቀት ይዛ ሄደች። በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ነበር።

እዚህ ላይ የእኔን ድርሻ ልናገር፤ ከሌላ አፍ ከምትሰሙት ይሻላል።

ከዚያ ሦስት ሳምንት በፊት እማማ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሱቄ ገቡ። ትንሿ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታ ነበር።

«አንተ ጸሐፊ፣ ሞት ታስመዘግባለህ?»

«ማመልከቻውን እጽፋለሁ እማማ። ማን ሞተብዎት?»

«ልጄ ናት። የመጀመሪያዋ። ቆይቷል።»

ስሟን ነገሩኝ፣ የተወለደችበትን ቀን ነገሩኝ፣ የሞተችበትን ቀን ከነሰዓቱ ነገሩኝ። በሙያዬ አንድ ደንብ አለኝ፦ ለምን ብዬ አልጠይቅም። ለምን የሚል ጸሐፊ ደንበኛ አያበዛም። ስለዚህ ለምን አሁን፣ ለምን ከስልሳ ዓመት በኋላ ሳልል ጻፍኩ። እንዲያውም አሳምሬ ጻፍኩ፤ «የእናት ልብ ዕረፍት ታገኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና» የሚል ሁሉ አስገባሁበት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የጻፍኩት ማመልከቻ ቢሮው ውስጥ ሳያድር የተፈጸመበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ይኼኛው ግን በዚያው ቀን ተፈጸመ። አዲስ ኮምፒዩተር አስገብተው ነበርና የሚሞክሩበት ነገር ፈልገው ነው መሰለኝ።

ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የትንሿ ልጅ ሚጡን በእጇ ይዛ ፊቷ ነጥቶ መጣች። «እማዬ፣ ሞተሻል አሉኝ» አለች።

ትንሿ አንድ ልጅ እየለካች ነበር። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ወጣች። እኔም ተከተልኳት፤ ከደግነት አይደለም፣ የራሴ እጅ እንዳለበት ሸተተኝ።

መዝገብ ቤቱ ረጅም አዳራሽ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጣሪያ ላይ የሚንቀጫቀጭ ማራገቢያ፣ ስድስት መስኮቶች አሉት። ልደት የሚመዘግበው ወጣት ሰፈሩ ሁሉ መስኮት አራት ይለዋል። ትሑት ልጅ ነው። ክፋት የለበትም፤ ኮምፒዩተር አለበት።

«የዚህችን ሕፃን እናት ለምን መለስካት?» አለች ትንሿ።

«እናቷ የተወለደችው ከሞተ ሰው ነው ይላል።»

«ከማን?»

«ከአያትየዋ። አያትየዋ በአሥራ አንድ ወራቸው ሞተዋል።»

«አያት የሆነች ሴት በአሥራ አንድ ወሯ ሞተች?»

«ሲስተሙ ነው የሚለው፤ እኔ አላልኩም።»

«እኔ ነኝ እሷ!»

መስኮት አራት ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ሟቿ እርስዎ ነዎት?»

«ምን እመስልሃለሁ?»

«አይ፣ መሞትዎን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። አለመሞትዎን የሚያሳይ ይዘዋል?»

ከዚያ ደግ ነኝ ብሎ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። ማመልከቻዬ ነበር። የእናት ልብ ዕረፍት፣ ታላቅ ትሕትና፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ። የትንሿን ትክክለኛ ስም ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ የገደልኩት ሰው ስም ሆኖ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ትንሿም መሞቷን የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነበር።

የሚጡን ነገር ላስረዳ። የአባቷ አገር ሰው እንዳትሆን አባቷ የለም። የእናቷ አገር ሰው እንድትሆን እናቷ የተመዘገበች መሆን አለባት። እናቷ ደግሞ የተመዘገበችው በአሥራ አንድ ወሯ ከሞተች ሕፃን ተወለደች ተብላ ነው፤ ስለዚህ መዝገቧ ታገደ። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ስትተነፍስ፣ ስታለቅስና ጨርቅ ስትለቅም የኖረች ልጅ፣ የየትም አገር ሰው አልነበረችም። ዓርብ ካለፈ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው።

ቤት ስንደርስ እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ሰምተዋል፤ እሳቸው የማይሰሙት የለም።

«ምን ሆነሽ ነው የገደልሽኝ?» አለች ትንሿ።

«አንቺን ማን ነካሽ? ወረቀቱን ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ። ሞቱን ለእሷ ሰጠኋት። ምን አጠፋሁ?»

«ስሙ አንድ ነዋ እማዬ! ወረቀቱ አንድ ነዋ!»

«ልሞት ነው» አሉ እማማ፣ ነገ ዝናብ ነው እንደሚል ሰው። «እዚያ ስንገናኝ፣ መሞቴን እንኳ ሳትናገሪልኝ ቀረሽ ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ? ተወልዳ ነበር፣ ሞታለች። ይኼው ነው የጻፍኩት። ውሸት አለበት?»

ውሸት አልነበረበትም። ችግሩ ይኸው ነበር። ስልሳ ዓመት በውሸት ሰላም ብሎ የኖረ ቤት አንድ እውነት ቢገባበት ሁሉም ወረቀት አልባ ሆነ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። ትንሿ ዞራ «አንተን ደግሞ በኋላ ነው የማገኝህ» አለችኝ። እስካሁን አላገኘችኝም፤ እየጠበቅኩ ነው።

ማክሰኞ ተመላለስን፣ ረቡዕ ተመላለስን። ሐሙስ ኃላፊው ራሳቸው አስገቡን። ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት አይታይም፤ ትልቅ ሰው መሆናቸው የሚታወቀው በዚያ ነው። ነገሩን ሰምተው ሳቁና አንድ ገጽ አስተየቡ።

«ቀላል ነው» አሉ። «እማማ እዚህች ላይ ይፈርሙ። የሞት ምዝገባው ይሰረዛል፣ ልጅዎ ትነሣለች፣ የልጅ ልጅዎ ትስተካከላለች፣ ሕፃኗ ነገ ጠዋት ትመዘገባለች።»

እማማ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። «አንብብልኝ።»

አነበብኩ፦ «ልጄ ሞተች በማለት ያስመዘገብኩት በስሕተት ነው። ልጄ አልሞተችም።»

እማማ «እንደገና» አሉኝ። እንደገና አነበብኩ። ሚጡ የኃላፊውን ማኅተም ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳች ነበር። እማማ ወደ ድምፁ ዞሩ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶ ፈለጉ። «ለእሷ ስል» አሉ፤ «ያቺኛዋ ይቅር ትለኝ እንደሆነ እግዜር ያውቃል። የት ነው የምፈርመው?»

ኃላፊው መስመሩን በጣታቸው አሳዩአቸው። እማማ እስክሪብቶውን መስመሩ ላይ አሳርፈው መልሰው አነሡት። ያ እጅ ሌላ ጊዜ አያመነታም፤ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ እጅ ነው፣ በዳሰሳ።

ትንሿ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወሰደችው።

«ተዪው እማዬ።»

«ሚጡስ?»

«ተዪው አልኩሽ። እህቴ ሞታለች፣ ተጽፎላታል። እኔ ልወለድ።»

ኃላፊው ፈገግታቸውን አቆሙ። ነገሩን ሳታስብበት እንዳትገባ አስጠነቀቋት። በአዲስ ስትመዘገብ የድሮው መዝገብ ከነግብሩ ይዘጋል። ቤቱ የሟች ንብረት ይሆናል፣ እስኪጣራ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል። ንግድ ፈቃዱ የሟች ነው፤ ሱቁ ከነገ ጀምሮ ይታሸጋል። የሥራዋ ወራት ደግሞ እነዚህ ሁለት ወሮች ብቻ ናቸው፤ መደርደሪያዋ ላይ የአርባ ሁለት ልጆች ልክ ተቆርጦ ተቀምጧል።

«ማዶ ላለው ሰፊ እሰጠዋለሁ» አለች። «ጣቱ አጭር ነው እንጂ ይሰፋል።»

ትንሿን ሃያ ስድስት ዓመት ፈርቻታለሁ፣ ሰድቤአታለሁ፣ ዱቤ ከልክያታለሁ። የዚያን ቀን ግን ወደድኳት፤ ሌላ ቃል ብፈልግለት አላገኘሁም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራት ትውልድ ሴቶችና ሁለት ምስክሮች፣ እኔና ማዶ ያለው ሰፊ፣ መስኮት አራት ፊት ተሰለፍን። ከፊታችን የሦስት ቀን ሕፃን የታቀፈ አባት ነበር። ለትንሿ «እናንተስ ማንን ነው የምታስመዘግቡት?» አላት። «እኔን» አለች። ሰውየው ልጁን ወደ ደረቱ ጠጋ አደረገ።

ቅጹ ከላይ እስከ ታች መሞላት አለበት፤ አንድ ሣጥን ባዶ ከቀረ ማሽኑ አያሳልፍም። ሦስቱም ማለትም አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ሰንሰለት ስለተያያዙ የመጀመሪያዋ ካላለፈች የሚጡ አይወጣም። ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ «እስከ አሥራ ሁለት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የራሴም ልጅ ብትሆን» ብላለች።

«የሕፃኗ ክብደት፣ ስትወለድ?» አለ መስኮት አራት።

«ከእህቷ ትከብድ ነበር» አሉ እማማ።

«ክትባት ወስዳለች?»

«የቴታነስ» አለች ትንሿ። «መርፌ አውራ ጣቴን ወግቶኝ።»

«ምስክር አንድ፣ ሕፃኗን ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?»

«ከሠላሳ አምስት ዓመቷ» አልኩ።

«የሕፃኗ ስም?»

ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር። የድሮው ስም ተመልሶ ለባለቤቱ ሄዷል። ሁላችንም ወደ እማማ ዞርን።

«ትንሿ» አሉ።

«ትንሿ ስም ነው እንዴ እናቴ?»

«ስትጠራት ትመጣለች።»

ጻፈው። «እናትየው የወለዱት ልጅ ብዛት?»

«ሁለት። አንደኛዋ ሞታለች፤ ጻፍ።» እስኪጽፈው ቁልፎቹን ያዳምጡ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን አንድ ሣጥን ቀረ። መስኮት አራት አነበበው፦ «ምዝገባው የዘገየበት ምክንያት።» ዘግይቶ መመዝገብ ከሠላሳ ቀን በኋላ ነው የሚጀምረው፤ እኛ የዘገየነው ስልሳ አንድ ዓመት ነው። እኔ በሙያዬ መልሱን አውቀዋለሁ፤ በሕይወቴ አራት መቶ ጊዜ ሳልጽፈው አልቀርም። «የቦታው ርቀት በለው» ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት።

እማማ ሰሙኝ። «መንገዱን ባሌ ይሄደው ነበር» አሉ። «ርቀት አይደለም።»

«ወረፋው ይሆናላ» አለች ትንሿ። «እማዬ በይ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

እማማ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ወለድኩሽና በሳምንቱ ሄድኩ። አዝዬሽ ነበር። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሰውየው መዝገቡን ገለጠና፣ አንዲት ልጅ አለችሽ፣ እሷስ ደኅና ናት? አለኝ።» ፊታቸውን ወደ ትንሿ አዞሩ። «አንቺን ላስመዘግብ እሷን ሞተች ማለት ነበረብኝ። በአፌ አልወጣ አለኝ። ደኅና ናት አልኩትና አንቺን ይዤ ተመለስኩ።»

ትንሿ ሚጡን ወደ ራሷ ስባ ጠጉሯን ትደባብስላት ጀመር። እኔ፣ ለምን ብዬ የማልጠይቀው ሰው፣ ወደ ማራገቢያው ቀና አልኩ።

መስኮት አራት ስክሪኑን አየ። ሣጥኑ የሚቀበለው አራት መልስ ብቻ ነው፦ የቦታ ርቀት፣ የግንዛቤ ማነስ፣ ሕመም፣ ሌላ። ቀስቱን ከላይ ወደ ታች አወረደው፣ ሕመም ላይ ሲደርስ ጥቂት አቆመው፣ ከዚያ አንድ ወረደና «ሌላ» የሚለውን ተጫነ። ማተሚያው መንጎዳጎድ ጀመረ፤ ከሦስቱ መጀመሪያ የወጣው የሚጡ ነበር።